አንድ ካርድ፣ ሦስት የእጅ ጽሑፍ

በጥር ወር ጎንደር ውስጥ ድምፁ ያልሻከረ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ከተራ አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ቃና ዘገሊላ አለ። ካህናቱ ያዜማሉ፣ ወጣቱ ይጨፍራል፣ ሌሊቱ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በ2010 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ አንድ ስልሳ ዓመት የሚጠጉ መሪጌታ ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ መጥተው «ድምፄ ተዘጋ» ሲሉ ማንም አልደነገጠም። የአቋቋም መምህር ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ሲያዜሙ ነው የከረሙት። የዕለቱ ተረኛ ባልደረባዬ ጉሮሯቸውን አየ፣ ቀላ ብሎ አገኘው፣ አሞክሳሲሊን አዘዘላቸው።

በመጋቢት እንደገና መጡ። ድምፃቸው አልተመለሰም። ከስተዋልም። ግን ሁዳዴ ነበር፤ በሁዳዴ የማይከሳ ካህን የት ይገኛል? ሌላ ባልደረባ አያቸውና ሌላ ዓይነት ፀረ ተሕዋስያን ጻፈ። ሙቅ ነገር ይጠጡ፣ ድምፅዎን ያሳርፉ አላቸው።

በሚያዝያ ያየኋቸው እኔ ነኝ።

ጤና መኮንን ነኝ። ሕመምተኞቼ ግማሾቹ «ሲስተር»፣ ግማሾቹ «ዶክተር» ይሉኛል። እሳቸው ግን «ልጄ» አሉኝ።

«የኔታ፣ ሲውጡ ያምዎታል?»

«ትንሽ ይቆረቁረኛል፣ ልጄ።»

«ቃርስ አለብዎት?»

«ጾም ሲፈታማ ይነሣብኛል።»

እዚያ ላይ ቆምኩ። ቃር ካለ ጨጓራ ነው፣ ጨጓራው አሲዱን እየገፋ ማንቁርቱን አቁስሎት ነው አልኩ። ይህ ደግሞ በእውነት የሚያጋጥም ነገር ነው። ኦሜፕራዞል ጻፍኩና ሸኘኋቸው። ከበሩ ውጪ ሠላሳ የሚሆን ሰው ወረፋ ይዞ ነበር።

በሰኔ አራተኛ ጊዜ ሲመጡ ገና በር ላይ ሳሉ ሰማኋቸው። ድምፃቸውን ሳይሆን ትንፋሻቸውን። አየር ወደ ውስጥ ሲስቡ በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፍ ንፋስ ይመስል ያፏጫል። ካርዳቸውን ገለጥኩ። ጥር፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ። ሦስት የተለያየ የእጅ ጽሑፍ። የመጨረሻው የእኔ ነው። ሦስታችንም «ድምፅ መዘጋት» ብለን ጽፈናል። ኋላ የጻፍነው ሁለታችን ግን አንድ መስመር ወደ ላይ ከፍ ብለን አላነበብንም።

ስማቸውን አልጽፍም። ታሪካቸውን ለመጻፍ ግን ፈቃዳቸውን ጠይቄአለሁ። «ለሌላው ይጠቅም እንደሆን ጻፊው» ብለው ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። ለምን በወረቀት እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

በሽታቸው የማንቁርት ካንሰር ነበር፤ ከጭንቅላትና ከአንገት ካንሰሮች አንዱ። የጭንቅላትና የአንገት ካንሰር የምንለው የአንጎልን አይደለም። የከንፈር፣ የምላስ፣ የድድ፣ የላንቃ፣ የጉሮሮ፣ የማንቁርት፣ የአፍንጫና የምራቅ ዕጢ ካንሰሮችን ነው። ከአሥሩ ከዘጠኝ የሚበልጠው የሚነሣው ከአፍና ከጉሮሮ ውስጠኛ ሽፋን ነው። ይህ ማለት አብዛኛው በዓይን በሚታይ ወይም በጣት በሚዳሰስ ቦታ፣ ካልሆነም በድምፅ በሚሰማ ቦታ ይጀምራል ማለት ነው። እንደ ጉበትና እንደ ጣፊያ ጥልቅ ውስጥ የተደበቀ አይደለም። ለዚህ ነው ዘግይቶ ሲመጣ የሚቆጨኝ።

በተለይ የድምፅ ጅማት። ጅማቱ ላይ ሩዝ የምታክል እብጠት እንኳ ብትወጣ ድምፅ ይሻክራል። በሌላ አካል ላይ ያን ያህል ትንሽ ነገር ማንም አያውቀውም። ከዚያም በላይ የድምፅ ጅማት የሊምፍ ቱቦው በጣም ጥቂት ስለሆነ ካንሰሩ ወደ አንገት ለመሰራጨት ጊዜ ይወስድበታል። ስለዚህ ገና በጅማቱ ላይ ብቻ እያለ የተገኘ ሰው ከአሥሩ ከስምንት በላይ የሆነው ይድናል፤ ብዙ ጊዜም በጨረር ወይም በትንሽ ቀዶ ሕክምና ብቻ፣ ድምፁ እንዳለ። ማንቁርቱ ሲወረር ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። የኔታ በጥር ምን ላይ እንደነበሩ ላውቅ አልችልም። አሁንም ሌሊት ሌሊት የማስበው ይህንን ነው።

እኛን ያሳሳተን ሌላው ነገር ሲጋራ አለማጨሳቸው ነው። ትምባሆና አልኮል ዋናዎቹ መንስኤዎች ናቸው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ አንዱ የሌላውን ጉዳት ያባዛል። አረቄ ከሲጋራ ጋር የሚያዘወትር ሰው ስናይ እንጠረጥራለን። የማያጨስ ካህን ስናይ ግን ልባችን ይዘናጋል። የማያጨስም ይታመማል። በቶንሲልና በምላስ ሥር የሚወጣውን ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ ሊያመጣው ይችላል፤ ይህ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች በአገራችን ክትባት የሚሰጥበት ቫይረስ ነው። ከአፍንጫ ጀርባ የሚወጣው ደግሞ ከሌላ ቫይረስ ጋር የተያያዘ ነው፤ ወጣት አይመርጥም፣ ሽማግሌ አይመርጥም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ልናገር። «ነቀርሳ» የምንለው ቃል ሁለት በሽታ ይሸከማል። «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ቲቢ ማለታችን ነው። «የጡት ነቀርሳ» ስንል ካንሰር። የድሮ ሰዎች ሁለቱንም በአንድ ስም የጠሩት ሁለቱም ሰውን እየቦረቦሩ፣ እያከሱ ስለሚጨርሱት ይመስለኛል። አንገት ላይ ግን ይህ ቃል የዕለት ሥራችን ችግር ነው። አንገቱ ላይ እብጠት ይዞ የመጣ ሰው ስናይ እኛ መጀመሪያ የምናስበው ቲቢ ነው። ማሰባችንም ትክክል ነው፤ በአገራችን የንፍፊት ቲቢ ብዙ ነው። ስህተቱ እዚያው ላይ ማቆማችን ነው።

አንድ የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ነበር። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት መተማ ሄዶ ሠርቶ የተመለሰ። ከጆሮው በታች በግራ በኩል እብጠት ነበረው። ናሙና ሳይወሰድ በግምት የቲቢ መድኃኒት ተጀምሮለት፣ ወደ እኛ ሲመጣ አራተኛ ወሩን ይዞ ነበር። እብጠቱ አልቀነሰም። «በቲቢ መድኃኒት ላይ እያለ ንፍፊት አንዳንዴ ያብጣል» የሚለውን ሁላችንም ተምረነዋል፤ እውነትም ነው። ግን ልጁን ጥያቄ ስጠይቀው ሌላ ነገር ወጣ። ግራ ጆሮው ውኃ እንደገባበት ተደፍኗል። ሲናፈጥ ደም ያያል፣ በግራ በኩል ብቻ። ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም ከአንገቱ ጋር ይያያዛል ብሎ ስላላሰበ አልተናገረም።

ትልቅ ሰው ሆኖ አንድ ጆሮው ብቻ ሲደፈን፣ አንድ አፍንጫው ብቻ ሲደማ፣ በዚያው በኩል ንፍፊት ሲያብጥ፣ ሦስቱ አንድ ታሪክ ናቸው። ከአፍንጫው ጀርባ የጆሮ ቱቦ የሚከፈትበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ዕጢ ከወጣ ጆሮውን ይደፍናል። ናሙናው ካንሰር መሆኑን አሳየ። ያ ዓይነት ካንሰር ለጨረርና ለኬሞቴራፒ ጥሩ ምላሽ ይሰጣል፤ ልጁም ሕክምናውን ጨርሶ በሕይወት አለ።

ከዚያ ወዲህ አንገት ላይ ያለ እብጠት ሲያጋጥመኝ በቀጭን መርፌ ናሙና እንዲወሰድ ሳልልክ አላድርም። ናሙናው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ጂን ኤክስፐርት ለሚባለው የቲቢ መመርመሪያ ይሆናል፣ ቲቢ ከሆነ ይገኛል። ሌላው መስታወት ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ ካንሰር ከሆነ ይገኛል። በአንድ ጊዜ ተወግቶ ለሁለቱም ጥያቄ መልስ። በመጀመሪያው ቀን ቆርጦ ማውጣት ግን አያስፈልግም፤ እብጠቱ ካንሰር ከሆነ ያለ ዕቅድ መቁረጥ የኋላውን ሕክምና ያበላሻል። ስቴሮይድም «እብጠቱን ያጥፋው» ተብሎ ዝም ብሎ አይሰጥም። ሊምፎማ የሚባለው የንፍፊት ካንሰር ከሆነ ለጥቂት ሳምንት ያሟሟውና በሽታው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስቸግራል።

የቱ ያስፈራኛል? በትልቅ ሰው አንገት ላይ የወጣ፣ የማያም፣ ድንጋይ የመሰለ፣ ስነካው የማይንቀሳቀስ። ሕመም አለመኖሩ ሰውን ያጽናናዋል። «አያመኝም እኮ» ይሉኛል። እኔን ደግሞ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ጉንፋን ያመጣው ንፍፊት ያማል፣ በሁለት በሦስት ሳምንት ይከስማል። የማያምና የማይከስም ነገር ግን ሌላ ነው።

የተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ የጎንደሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን በአንድ ቡድን ለማሠልጠን ነበር። ያኔ በደንቢያ ሜዳ ወባ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ነበር። እኛ የዚያ ሥልጠና ልጆች ነን፣ እኮራበታለሁም። ወረርሽኝ ሲመጣ እናውቅበታለን። ፈጥኖ የሚመጣ በሽታ፣ ብዙ ሰው በአንዴ የሚያሳምም በሽታ፣ እጃችን ነው። ይሄኛው ግን ቀስ ብሎ፣ አንድ ሰው ብቻ ይዞ፣ የጉንፋን ልብስ ለብሶ ይመጣል። ዛሬ ብቻ ካየኸው ምንም አይደለም። የሚታወቀው ከባለፈው ጋር ሲያያዝ ነው።

ስለዚህ መሣሪያዬ ቁጥር ሆነ። ሦስት ሳምንት። የሻከረ ድምፅ፣ የአፍ ቁስል፣ የአንገት እብጠት፣ የመዋጥ ችግር፣ ማንኛውም ከሦስት ሳምንት ካለፈ በሦስተኛ መድኃኒት አይሞከርም። ይላካል። ካርዱ ላይ ከምልክቱ አጠገብ «ከመቼ ጀምሮ» የሚለውን ቀን እጽፋለሁ። «ከሰሞኑ» አልልም። ሕመምተኛው ቀኑን ካላወቀ በበዓል እጠይቀዋለሁ፤ «ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከትንሣኤ በፊትስ?» እንደዚህ ሲጠየቅ የማያስታውስ የለም።

የአፍ ቁስልማ ብዙ ስም አለው። «ምች መትቶኝ ነው» ይባላል። ዳማከሴ ይታሻል፣ ይሸተታል። ምች የሚሉት የከንፈር ቁስል በሁለት ሳምንት ውስጥ ይድናል፤ ዳማከሴውም ይመሰገናል። ሳይድን አንድ ወር የተቀመጠ የምላስ ጠርዝ ቁስል ግን ምች አይደለም። እኔ ሳይ መጀመሪያ ምላስን አስወጣና ጠርዞቹን በጋዝ ይዤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዞራለሁ። ከምላስ በታች አያለሁ። ካንሰር የሚወደው እነዚህን ቦታዎች ነው፤ እኛ ደግሞ ቶንሲል ብቻ አይተን እንዘጋለን። ነጭ ነገር ካየሁ በጋዝ እጠርገዋለሁ። ከተጠረገ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ያኔም ኤችአይቪ መመርመሩን እጠይቃለሁ። የማይጠረግ ነጭ፣ ይልቁንም የማይጠረግ ቀይ ቦታ ካለ ይላካል። ጓንት አድርጌ በጣቴ እዳስሳለሁ። ዓይን ያላየውን ጠንካራ ነገር ጣት ያገኘዋል። ከዚያ ከኋላቸው ቆሜ ከአገጭ ሥር አንገትና ደረት እስከሚገናኙበት አጥንት ድረስ አንገታቸውን በሁለት እጄ እፈትሻለሁ። ሁሉም ተደምሮ ሦስት ደቂቃ ነው። መብራቱም የስልኬ መብራት ነው።

ያለ ምክንያት የሚነቃነቅ ጥርስም እንዲሁ። ድድ ጤነኛ ሆኖ ሁለት ጥርስ በአንድ ቦታ ከተነቃነቀ፣ ነቅሎ መላክ ብቻ አይበቃም፤ ለምን እንደተነቃነቀ መጠየቅ አለበት። ጆሮም አለ። አንድ ጆሮ ያማል፣ ታየ፣ ምንም የለበትም። ለጉሮሮና ለምላስ ሥር የሚሄደው ነርቭ ወደ ጆሮም ቅርንጫፍ አለው፤ ጉሮሮ ሲታመም ሕመሙ ጆሮ ላይ ይሰማል። ጤነኛ ጆሮ የሚያመው ሰው ጉሮሮው ይታይለት።

ሪፈር ስጽፍም ተለውጫለሁ። ድሮ «ለተሻለ ምርመራ» ብዬ እጽፍ ነበር። ይህ ለተቀባዩ ሐኪም ምንም አይነግረውም። አሁን «ድምፅ መሻከር፣ 5 ሳምንት፣ ሁለት መድኃኒት ተሰጥቶ ያልተሻለ፣ ካንሰር ይጠረጠራል» ብዬ ነው የምጽፈው። ሰውየው ይህን ይዞ ሲሄድ ወረፋው ይለያል። የታካሚውን ወይም የቅርብ ቤተሰቡን ስልክ እይዛለሁ፤ በሁለት ሳምንት ደውዬ ሄደዋል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ አልሄዱም። እርሻ ነው፣ ገንዘብ ነው፣ የጤና መድን ደብተሩ አልታደሰም፣ ወይም መጀመሪያ ጸበል ልሞክር ብለው ነው። ጸበሉን አልከለክልም። «ጸበሉንም ይጠመቁ፣ ግን ማክሰኞ ሐኪሙ ጋ ይሁኑ» እላለሁ። አብዛኛው ሰው ሁለቱንም ያደርጋል።

የሚያፏጭ ትንፋሽ ግን ቀጠሮ የለውም። የኔታን በዚያ ቀን ተቀምጠው፣ ቀና ብለው፣ ኦክስጅን ይዘው በአምቡላንስ ነው የላክናቸው። ሲተኙ አየር ያጥራቸው ነበር። በዚያው ሌሊት አንገታቸው ላይ ቀዳዳ ተከፈተላቸው። ከዚያ ናሙና፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ። ማንቁርታቸው ሙሉ በሙሉ ወጣ፤ ጨረርም ተጨመረ።

ከመሄዳቸው በፊት ልጃቸው ኮሪደር ላይ ያዘኝ። «ሲስተር፣ እባክሽ ለአባቴ እንዳትነግሪው፣ ይሰበራል» አለኝ። ይህን ልመና ሁሌም እሰማዋለሁ። ክፋት የለበትም፤ ፍቅር ነው። እኔ ግን ድምፁን ለዘላለም የሚያጣ ሰው ይህን ሳያውቅ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሊገባ አይችልም ብዬ አምናለሁ። «ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ ራሳቸውን እንጠይቅ» አልኩት። አብረን ገባን። «የኔታ፣ ስለ ሕመምዎ ሁሉንም ልንገርዎት ወይስ ለልጅዎ ልንገር?» ዝም አሉ። ከዚያ በዚያ በሻከረ ድምፅ፣ «ንገሪኝ፤ ከሁሉ በፊት ግን ንስሐ አባቴን ጥሩልኝ» አሉ።

ሰው ከትልቁ ሆስፒታል ሲመለስ ሥራችን ያለቀ ይመስለናል። የእኛ ሥራ የሚጀምረው እዚያ ነው። የኔታ የሚተነፍሱት በአንገታቸው ቀዳዳ ብቻ ነው፤ አፍና አፍንጫቸው ከሳንባቸው ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ቢታመሙ ኦክስጅን የሚሰጠው በአፍ ሳይሆን በአንገት ነው። ይህን ለባልደረቦቼ ሁሉ፣ ለቀበሌያቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ነገርኩ። ውኃ በቀዳዳው ከገባ በቀጥታ ሳንባ ይገባል። ጥምቀት ላይ ከባሕሩ ውኃው በሕዝቡ ላይ ሲረጭ ርቀው መቆም አለባቸው። እጣንም አለ። ጢሱ በአፍንጫ ሳይጣራ በቀጥታ ይገባል። አሁን ማኅሌት ሲቆም በር አጠገብ ነው ቦታቸው፤ ቀዳዳው ላይ በንጹሕ ውኃ የረጠበ ስስ ጋዝ ያደርጋሉ። ባለቤታቸው ቱቦውን ማጠብ ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ።

ጨረር አፍን ያደርቃል። እንጀራ አልወርድ ሲል አጥሚት፣ ቀጠን ያለ ሽሮ፣ በዘይት የለሰለሰ ገንፎ። በጾም ወተት ስላቸው እምቢ አሉ፤ ንስሐ አባታቸው ናቸው ያሳመኑልኝ። በየጊዜው ክብደታቸውን እመዝናለሁ። ጥርስ ሲያማቸው ዝም ብሎ አይነቀልም፤ ጨረር የነካው መንጋጋ ቁስሉ ላይድን ስለሚችል መጀመሪያ ያከማቸው ቡድን ይጠየቃል። በአንገት ጨረር ምክንያት የታይሮይድ ዕጢ ስለሚዳከም በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ደማቸው ይመረመራል። ካንሰሩ ከተመለሰ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ስለሆነ፣ ለደም ግፊትም ይምጡ ለጉንፋን፣ አንገታቸውን ሳልዳስስ አልሸኛቸውም ነበር።

ሁሉም እንደሳቸው አይመለስም። መዳን ያለፈባቸውም ይመጣሉ። ለእነሱ በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን አለ። ቤተሰብ «ሱስ ያስይዘዋል» ብሎ ይፈራል፤ አንዳንዴ እኛም እንፈራለን። በካንሰር ሕመም ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሚያነጋን ሰው ከዚህ መድኃኒት መከልከል እኔ በደል ነው እላለሁ። ሆድ ስለሚያደርቅ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይጻፋል።

የኔታ አሁንም ያስተምራሉ። ዜማውን ትልልቆቹ ተማሪዎቻቸው ያወርዳሉ፤ እሳቸው መቋሚያቸውን ይዘው ይመራሉ። አቋቋም ለዓይንም ነው። ተማሪ ሲሳሳት መቋሚያውን መሬት ላይ ሁለቴ ይመታሉ።

ባለፈው ግንቦት አንድ ተማሪያቸውን ይዘው መጡ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ወንበር ላይ አስቀመጡትና ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው ጻፉልኝ። «ድምፁ ከሻከረ አራት ሳምንት አለፈው። ጉንፋን ነው ይላል። እይልኝ።» አየሁት። አንገቱን ዳሰስኩ፣ አፉን አየሁ። ቀኑን ካርዱ ላይ ጽፌ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ላክሁት። በአሥረኛው ቀን ውጤቱን ይዞ ተመለሰ። በጅማቶቹ ላይ ከብዙ ዜማ የመጣ ትንሽ ጓጓላ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። ድምፁን ለሁለት ወር እንዲያሳርፍ ተነግሮታል። ክረምቱን በመቋሚያ ብቻ ተማረ።